ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተው ሲከፈቱ አንድ ተማሪዬ ከሰልፍ እየወጣ ደረጃ ላይ ቁጭ ይል ነበር። ምን ሆነሃል ስለው «ቲቸር፣ ልቤ ይመታል» ይለኛል። ጉንፋን ነገር ይዞት ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ የተነሳ ልጅ ነው። እኔም ሰው ፊት «የማን ልብ ነው የማይመታው? ተነስ!» ብዬ አሳቅሁበት። ስሙን አልጠራም፤ ካነበበ ራሱን ያውቃል።

በዓመቱ እኔም ታመምኩ። ቀላል ነበር፣ አልጋ ላይ እንኳ በቅጡ አልዋልኩም። ከወር በኋላ ግን ከኤረር በር ወደ ፈረስ መጋላ የሚያወጣውን ዳገት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላስበው የምወጣውን፣ ሁለት ቦታ የጀጎል ግድግዳ ተደግፌ ነው የጨረስኩት። ልቤ ድው ድው ይላል። ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም። ያ ልጅ ትዝ አለኝ።

ያስተማርኩት ታሪክ ነውና ወደማውቀው ሄድኩ። ወደ ኅዳር 1911 ዓ.ም.።

የኅዳር በሽታ የምንለው ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ ያለው ወረርሽኝ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ አሥራ ስድስት ዓመት፣ አዲስ አበባ ከገባ ደግሞ ገና ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። የሐረሩ ራስ ተፈሪ፣ ያኔ አልጋ ወራሽ፣ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በሚለው መጽሐፋቸውም ያነሱታል። አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሞተው አሥር ሺህ ገደማ ይባላል። ቀባሪ ጠፋ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ ጊዜ ትዝታ ነው። (ጭሱ ራሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።)

ለዓመታት ይህን ሳስተምር የሞቱትን ቆጥሬ ነው የምዘጋው። አንድ ቀን እንኳ የተረፉትስ ምን ሆኑ ብዬ አልጠየቅሁም። ታሪካችን ሬሳ ይቆጥራል እንጂ ከበሽታው ተነስቶ እንደ ድሮው እንስራ መሸከም ያቃታትን ሴት የመዘገበልን የለም። ቢመዘገብስ በምን ይታይ ነበር? ሐረር ሐኪም አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ራስ መኰንን ገና በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሆስፒታል አቋቁመው፣ ከጓድሉፕ የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ዶክተር ቪታልየን ሠርቶበታል። ግን የዚያን ጊዜ ሐኪም ልብን በጆሮው ነው የሚያውቃት። የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን መሣሪያ ሆላንዳዊው አይንትሆቨን ሌይደን ከተማ ላይ ሠርቶት ነበር፤ ከሁለት ኩንታል ተኩል በላይ የሚመዝን፣ በሽተኛው እጅና እግሩን ጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ የሚቀመጥበት ነገር ነው። በግመል የሚመጣ ዕቃ አልነበረም።

እዚያው አውሮፓም ቢሆን ግራ ገብቷቸው ነበር። ልክ በዚያው በ1918 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ «የወታደር ልብ» ስለሚባለው ነገር መጽሐፍ አወጣ። ትንሽ ሲሠሩ ልባቸው የሚመታ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ሲመረመሩ ግን ምንም የማይገኝባቸው ወታደሮች ናቸው። ከነሱም አንዳንዱ ነገሩ የጀመረኝ ከትኩሳት በሽታ በኋላ ነው ይል ነበር። አዛዦቹ ምን እንዳሏቸው መገመት አያቅተኝም፤ እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።

ልብን በሕይወት እያለች ስትንቀሳቀስ በድምፅ ሞገድ ማየት የተጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ነው። ሐኪሙ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ኸርትዝ መጀመሪያ የሞከሩት ማልሞ ከተማ የመርከብ ፋብሪካ ብረት ውስጥ ስንጥቅ ለመፈለግ በሚጠቀምበት ማሽን ነው። ዛሬ ኤኮ የምንለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። እኔንም በኤኮ አይተውኝ «ንጹሕ ነህ» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ ዳገቱ አልቀለለኛማ!

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ኤኮ የልብን ቅርጽ፣ በሮቿንና አረጋገጧን ያሳያል። ጡንቻው ውስጥ ያለች ትንሽ ብግነት ግን ልታመልጠው ትችላለች። የተቆጣ ጡንቻ ውኃ ይቋጥራል፤ ያንን ውኃ የሚለየው ኤምአርአይ ነው። የጀርመን ፍራንክፈርት ሐኪሞች በ2020 እ.ኤ.አ. ከኮሮና ያገገሙ 100 ሰዎችን በዚህ መርምረው 78ቱ ላይ ለውጥ አየን አሉ፤ 67ቱ ቤታቸው ሆነው የዳኑ ናቸው። ዓለም ደነገጠ። ወዲያው የስሌት ስህተት ተገኘበትና ታረመ፣ ዋናው ውጤት ግን ጸና ተባለ። ለንደን ላይ ደግሞ ቀላል ሕመም ያለፋቸውን 74 የጤና ሠራተኞች ካልታመሙ 75 ጋር ከስድስት ወር በኋላ ቢያስተያዩ ልዩነት አላገኙም። እነዚያው ፍራንክፈርቶች በ2022 እ.ኤ.አ. ተመለሱበት፦ ሕመሙ ቀላል የነበረ 346 ሰዎች፣ ከሦስት ወር ከመንፈቅ ገደማ በኋላ 73 በመቶው የልብ ስሜት አለን ያሉ፤ ከዓመት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ደግሞ 57 በመቶው። ከባድ የልብ ጉዳት ግን እምብዛም አልተገኘም።

እኔ ከዚህ የምይዘው፦ ልብ ተበላሽቷል ብሎ ሰው ማስፈራራትም፣ ማሽኑ ካላየው የለም ማለትም ሁለቱም ችኮላ ነው። በምስሉና በስሜቱ መሀል ገና ያልተጻፈ ገጽ አለ። (ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚስት ሰው ግን የኔን ጽሑፍ ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ። የልጆች ተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመምም ሌላ ነው፤ እሱ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ካልታከመ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል፣ ባክቴሪያ ከሆነ መድኃኒትም አለው፤ አትናቁት።)

የኔ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፣ ስምንት ወር ፈጅቶ። ያንን ተማሪዬን ባለፈው ሸዋ በር አካባቢ አገኘሁትና ሰላም ብዬው አለፍኩ፣ ማለት ያለብኝን ሳልል። እነሆ እዚህ፣ እንደዚያን ቀን ሰው ፊት፦ ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እውነትህን ነበር።

እናንተም አያቶቻችሁ ከኅዳር በሽታ ስለተረፈና ከዚያ በኋላ «እንደ ድሮው አልሆነም» ስለተባለ ሰው ያወሩላችሁ ካለ፣ በሐረሪም በኦሮምኛም ቢሆን፣ እንደሰማችሁት ከታች ጻፉልኝ። እየሰበሰብኩ ነው።