የዲጂታል ጤና አገልግሎት በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው እንዴት ነው?

የዲጂታል ጤና ቴክኖሎጂ የጤና መረጃንና አገልግሎትን በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒውተር አማካኝነት የሚያደርስ አሠራር ነው። ጥቅሙ የሚለካው በመሣሪያው ዘመናዊነት ሳይሆን ኅብረተሰቡ አዘውትሮ ሲገለገልበት ነው። የደም መፍሰስ ወይም ከባድ ራስ ምታት ያጋጠማት ነፍሰ ጡር ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለባት የሚያስገነዝብ መልእክት፣ በማትረዳው ቋንቋ ከተላከ ፋይዳ የለውም።

በእጅ ባለው ስልክ መጀመር

የደቡብ አፍሪካ የጤና መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ሞምኮኔክት የተሰኘ አገልግሎት ጀመረ። ነፍሰ ጡሮች በጤና ተቋም፣ በተራ ስልክም ቢሆን፣ አጭር ቁጥር በመደወል ይመዘገባሉ። ከእርግዝናቸው ወራት ጋር የተጣጣመ አጭር መልእክት በመረጡት ቋንቋ ያለ ክፍያ ይደርሳቸዋል። ጥያቄና ቅሬታ መላክም ይችላሉ።

ለማያነቡ ድምፅ

በሀገራችንም በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የአርሶ አደሮች የ8028 ነፃ የስልክ መስመር ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። ደዋዩ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጠና ቁጥር እየተጫነ የግብርና ምክር ያገኛል። ይህ አሠራር ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች ለሚዘጋጅ የጤና መረጃም አርአያ ይሆናል።

የባለሙያዎችን ጫና መቀነስ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለሚያስተምሩ ቤተሰቦች ያምኗቸዋል። በታብሌት የሚሠራው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ መረጃውን ይልካል። ሆኖም አንዱን መረጃ በወረቀትም በታብሌትም መመዝገብ ግዴታ ከሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ታብሌቱም ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይተዋል።

ምስጢር መጠበቅ

በገጠር አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ወይም ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ የሚላክ መልእክት በሌላ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም ተጠቃሚዋ ምን ዓይነት መልእክት፣ በየትኛው ስልክ እንደሚደርሳት አስቀድማ ልትጠየቅና ልትፈቅድ ይገባል።

ከሥርጭት በፊት መፈተሽ

አገልግሎቱ ከመሰራጨቱ በፊት የሚገለገሉበት ሰዎች ሊሞክሩት ያስፈልጋል። ተጠቃሚዎች የትኛው ቃል እንዳደናገራቸውና የትኛው ደረጃ ላይ እንዳቋረጡ መመልከት ጉድለቱን በጊዜ ለማረም ያስችላል። ከሁሉም በላይ ምክሩን የሰማ ሰው የሚሄድበት ጤና ጣቢያ ባለሙያና መድኃኒት ሊኖረው ይገባል፤ ያለበለዚያ ሕዝቡ በስልኩም በጤና ጣቢያውም ላይ ያለውን እምነት ያጣል።