ስም ያልጠራው ቀልድ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቈረቈረች፣ ከየአገሩ በመጣ ሰው የተሞላች ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ ጥላ ሥር የተሰበሰበው ሰው አማርኛውን ከኦሮምኛውና ከሶማልኛው እያቀላቀለ ይተራረባል። ሹሙም ሽማግሌውም «አንተ» እየተባለ ድርሻውን ይቀበላል። እንግዳ ሰው ይህን እንደ ንቀት ይቈጥረዋል፤ እኛ ግን የመተማመን ምልክት ይመስለናል።

እንዲህ ያለው ተረብ ከጥላ ሥር ተነሥቶ በመኳንንት ፊት መድረክ ላይ በወጣ ጊዜ ምን ደረሰበት? ለዚህ መልስ የሚሆነን ሕይወቱ ከሐረርጌ ጋር የተሳሰረ አንድ ሰው አለ።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኰንን ቤት ነበሩ፤ በኋላም ሩስያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በ1913 ዓ.ም. «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን አዲስ አበባ ላይ አሳዩ፤ ይህም የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ነው። መነሻው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የላ ፎንቴን ተረት ሲሆን በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ። ነገሩ ግን የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራርና የአገሩን ኋላ ቀርነት የሚነካ ነበር።

የዚህን ዓይነት ተረት ጥርስ ለማየት ላ ፎንቴን ከጻፋቸው አንዱን እናንሣ። ቸነፈር በገባ ጊዜ አንበሳው እንስሳትን ሰብስቦ፣ ከሁሉ ይልቅ የበደለው ስለ ሁሉ ይሙት ይላል። ራሱም ቀድሞ ብዙ በግ፣ አንዳንዴም እረኛውን ጭምር መብላቱን ይናዘዛል። ቀበሮ ተነሥታ፣ መበላታቸው ለበጎቹ ክብር ነው ትላለች። ነብሩም ድቡም እንዲሁ በነጻ ያልፋሉ። በመጨረሻ አህያ በመነኮሳት መስክ ስታልፍ ርቧት የምላሷን ስፋት ያህል ሣር መጋጧን ትናገራለች። ይኸው ወንጀል ሆኖ ሞት ተፈረደባት! የማንም ስም አልተጠራም፤ ነገር ግን ጽሕፈት ቤት ገብቶ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ሁሉ አህያዪቱን ያውቃታል፤ ቀበሮዪቱንማ ከነወንበሯ ያውቃታል።

የ«ፋቡላ»ም ዕጣ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትሩ እንዳይታይ ከለከሉ፤ የቴአትር ሥራ እንደ ገና የተነሣው እሳቸው በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንታዘባለን፤ ስም ያልጠራ ቀልድ ሲከለከል «ይህ እኔን ነው» ብሎ ስሙን የሚያስጽፈው ከልካዩ ራሱ ነው። ዝም ብለው ቢስቁ ኖሮ አንበሳው ምናልባት አንበሳ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ቀልደኛ ማፍረስ እንጂ መሥራት አያውቅም የሚሉ አሉ። ተክለ ሐዋርያት ግን በተራቸው ሹም ሆኑ። ጨርጨርን ገዝተዋል፤ የዛሬዪቱን ጭሮን፣ ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ፣ ያቋቋሙ እሳቸው ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ነበሩ፤ በሹማምንት ላይ ያሳቀው ብዕር የሹማምንትን ወሰን የሚደነግገውን ሕግ ጻፈ ማለት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ብዙ ዓመት በስደት ኖረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በሂርናም እርሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። የሕይወት ታሪካቸውም በ1999 ዓ.ም. ታትሟል።

ከዚያ ወዲህ ቀልድ ከአውሬ ቆዳ ወጥቶ በሰው አንደበት መናገር ጀምሯል፤ እነ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ በቴሌቪዥን ሲያሥቁን የገዛ ጠባያችንን እያሳዩን ነበር። ይሁንና የአውሬዎቹ ተራ አላለፈም። የድሬዳዋ ተማሪዎች አንድ ቀን ይህን የአህያዪቱን ፍርድ፣ ቋንቋውን እንደ ልማዳቸው እያቀላቀሉ፣ በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ ቢጫወቱት እንወዳለን። እኛም ከኋላ ተቀምጠን፣ ቀበሮዪቱ ንግግሯን ስትጀምር በፊተኛው ወንበር ካሉት እንግዶች ማን ቀድሞ እንደሚስቅ፣ ማንስ ሰዓቱን እንደሚያይ እንመለከት ነበር።