ውሸት ያልነበረበት ምሽት

የጥያቄና መልስ ውድድር ስናይ እኛ ዝም ብለን አናይም። ከተወዳዳሪው ቀድመን መልሱን እንጮሃለን፤ ሲሳሳት «ይሄ ይጠፋሃል?» ብለን እንፈርድበታለን። ጉድ ሊመጣ ነው ብለን ጠብቀን ምንም ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ጣቢያ እንቀይራለን። ይህቺን አመላችንን የፈሩ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ምን እንዳደረጉ እናውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1956 ኤንቢሲ «ትዌንቲ ዋን» የተባለ ውድድር ማሳየት ጀመረ። ሁለት ተወዳዳሪዎች ድምፅ በማያስገባ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ማዳመጫ አጥልቀው ይቆማሉ። ጥያቄዎቹ እንደ ክብደታቸው ከ1 እስከ 11 ነጥብ ያስገኛሉ፤ 21 የሞላ ያሸንፋል። የዚያን ምሽት ማንም መልስ ቀድሞ አልተነገረውም ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ተወዳዳሪዎቹ አንዱን ሲስቱ ሌላውን ሲስቱ አመሹ። ፕሮዲዩሰሩ ዳን ኤንራይት ራሱ ኋላ እንደተናገረው ፕሮግራሙ ሞቶ ነው የተወለደው። ስፖንሰሩ፣ «ጀሪቶል» የተባለውን የጉልበት መድኃኒት የሚሸጠው ኩባንያ፣ በማግስቱ ደውሎ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳይደገም አስጠነቀቀ።

አልተደገመም። ኸርበርት ስተምፕል የሚባል ወታደር የነበረ የኮሌጅ ተማሪ ተመለመለ። መልሱ ብቻ አይደለም የተሰጠው። ጸጉሩን እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የትኛውን ሰፊ ሱፍ እንደሚለብስ፣ ላቡን እንዴት እንደሚጠርግ ሳይቀር አጠኑት። (ትያትር ቤት ቢቀጠር ይሻለው ነበር እንላለን።) ሕዝብ ሲሰለቸው ደግሞ ለቻርልስ ቫን ዶረን፣ መልከ መልካሙ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እንዲሸነፍ ታዘዘ።

ዲሴምበር 5 ቀን 1956 ጥያቄው መጣ፦ የ1955 ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደው የቱ ነው? መልሱ «ማርቲ» ነው። ስተምፕል ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቶታል፤ ይወደዋል። እንዲል የታዘዘው ግን «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ነበር፤ እሱንም አለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ያየው አንድ ቀላል ጥያቄ የጠፋውን ምስኪን ነው። እኛን የሚያንገበግበን ይሄ ነው። ሌላ የማያውቀውን ጥያቄ ቢሰጡት ምናለበት?

ቫን ዶረን 129,000 ዶላር አፈሰ፤ ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣው። ስተምፕል ግን አልዋጥ አለው፣ ተናገረ፤ መጀመሪያ የሰማው ሰው ቅናት ነው ብሎ አለፈው። ኖቬምበር 2 ቀን 1959 ቫን ዶረን በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት መልስ ይሰጠው እንደነበር አመነ። በ1960 ውድድር ማጭበርበር በሕግ ወንጀል ሆነ። ሁለቱም ዕድሜ ጠገቡ፤ ቫን ዶረን በ2019፣ ስተምፕል በ2020 አረፉ።

ከሕጉ ወዲህ ስላለው አንድ ብቻ እናንሳ። ኖቬምበር 19 ቀን 1999፣ ኤቢሲ፣ የሚሊዮን ዶላሩ ጥያቄ። ጆን ካርፔንተር የተባለ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ያለማንም እገዛ እዚያ ደርሷል። አሁን ለአባቱ ስልክ ይደወልልኝ አለ። በቃ፣ ተጨነቀ ተባለ። አባትየው ሲያነሱ ልጅ እርዳታህን አልፈልግም፣ ሚሊዮኑን ልወስድ መሆኑን ልነግርህ ነው አላቸው። ከዚያ «ኒክሰን» ብሎ መለሰ፤ ልክ ነበር። ላብ የለ፣ መንተባተብ የለ። እኛም ቪዲዮውን ስንት ጊዜ መልሰን እንዳየነው አትጠይቁን።