ሥዕል አፍ ሲያወጣ

ተረት ከጥንት ጀምሮ አንበሳንና ዝንጀሮን ሲያናግር ኖሯል። ይሁን እንጂ የእንስሳቱ አፍ የተራኪው አፍ ነበር፤ አድማጩ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ አይቶ የሚፈርድበት ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራውን በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት በአባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) አንደበት ለሕፃናት ሲቀርብ የኖረው ተረትም ይህንኑ ትውፊት የተከተለ ነበር።

ሥዕሉ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል። በአሜሪካ ማክስ ፍላይሸርና ወንድሙ ዴቭ እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጡት አጭር የካርቱን ፊልም አንድ ውሻ ከተቀዳ ድምፅ ጋር አፉን አስማምቶ ተናገረ። በ1928 የታየው የዋልት ዲዝኒ «ስቲምቦት ዊሊ» ደግሞ የድምፅና የሥዕል ቅንጅትን በሰፊው አስተዋወቀ። በኋላ በሰፈነው አሠራር መሠረት አስቀድሞ ድምፁ ይቀዳል፤ ቃሉ ተነጣጥሎ በሴኮንድ 24 ምስሎች በሚቆጠሩበት ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል፤ በመጨረሻም ለየድምፁ የሚስማማው አፍ ይሣላል።

ይህ አሠራር ወደ አማርኛ ሲመጣ በፊደል ገበታ ውስጥ የተዘጋጀ መንገድ ያገኛል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፤ ሣልስ ወደ ጎን ይስባል፤ ራብዕ መንጋጋን ዝቅ ያደርጋል። «መ» እና «በ» ከንፈርን ይገጥማሉ፤ «ፈ» የታችኛውን ከንፈር ከላይ ጥርስ ያገናኛል። «ቀ» እና «ከ» ግን ልዩነታቸው ጉሮሮ ውስጥ ስለሆነ ለሠዓሊው አንድ ናቸው። ሆኖም ፊደልን ብቻ የተከተለ ይሳሳታል። «ትምህርት» በአምስት ፊደል ቢጻፍም አፍ የሚከፈተው ሁለት ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊና ሰፊ ሜዳ አጻጻፋቸው አንድ ሲሆን፣ በሁለተኛው «ፈ» ስለሚጠብቅ ከንፈሩ ከጥርሱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለሆነም ሠዓሊው ከጽሑፉ ይልቅ ለተቀዳው ድምፅ መታዘዝ አለበት።

በአገራችን ለዚህ ሙያ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር በአዲስ አበባ ባቋቋሙት በዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ስትሆን፣ አካሏ አሻንጉሊት ነው፤ አፏን የሚከፍተውና የሚገጥመው የሰው እጅ ነው። ይኸው ድርጅት ቆየት ብሎ ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና ያደረገውን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የካርቱን ተከታታይ ፊልም አዘጋጅቷል፤ እዚህ ላይ የእጁ ተግባር ወደ ሥዕል ተሸጋግሯል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ሃሪ መክገርክና ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ጋር ሲቀርብ ብዙ ተመልካቾች «ዳ» ብለው ይሰሙታል። ዓይን ጆሮን ያስታል ማለት ነው። ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ ሕፃን ያልተስማማ አፍ የተሳሳተ መምህር ሊሆን ይችላል።

ፈተናው በትርጉም ጊዜ ይበረታል። የፀሐይ ዝግጅት ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም ተመልሷል። በአማርኛ የተከፈተ አፍ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ እንዲናገር ሲደረግ፣ ተርጓሚው ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የቃሉን ርዝመትና የከንፈሩን መግጠሚያም መመዘን ይኖርበታል። ቋንቋዎቻችን በማያ ገጽ ላይ እኩል ክብር የሚያገኙት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አፍ ሲሣልላቸው ነው። ለዚህም የቋንቋ መምህሩ፣ ተዋናዩና ሠዓሊው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይገባቸዋል።