በወረዳ ከተሞች በግል የሚሠሩ ጠበቆች፦ ባለጉዳዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ የአሠራርና የሥነ ምግባር ጉዳዮች

በብዙ የወረዳ ከተሞች የጥብቅና ፈቃድ ኖሯቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹም ከፍርድ ቤት አጠገብ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር ይሠራሉ። የእርሻ መሬት ይዞታ፣ ውርስ፣ ፍቺና የንብረት ክፍፍል፣ ቀለብ፣ የብድር ውል፣ የአካል ጉዳትም ሆነ የነፍስ ግድያ ክስ ወደ እነዚሁ ጥቂት ሰዎች ይመጣል። በፌዴራል ደረጃ የወጣው የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በጋራ ሆነው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ሆኖም ድርጅት ውጤታማ የሚሆነው በዋናነት የንግድ ጉዳይ በሚበዛባቸው ትላልቅ ከተሞች ሲሆን፣ የገጠሩ ባለጉዳይ የሚያገኘው አሁንም ብቻውን የሚሠራውን ጠበቃ ነው። ይህ ጽሑፍ ባለጉዳዩ ከእንዲህ ያለ ጠበቃ ጋር ሲዋዋል ምን መጠየቅ፣ ምን መጠበቅና ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት ያስረዳል።

ጠበቃው ማን ነው?

በፍርድ ቤቶች ደጃፍ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ፤ በባለጉዳዩ ዘንድ ግን ሦስቱም «ጠበቃ» ተብለው ይጠራሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው። ሁለተኛው በተለምዶ ራፖር ጸሐፊ የሚባለው አቤቱታ ጸሐፊ ሲሆን፣ ሥራው ባለጉዳዩ የነገረውን በጽሑፍ ማስፈር እንጂ ችሎት ቆሞ መከራከር አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ጉዳይ ገዳይ የሚባለው፣ ፈቃድም ሆነ የሕግ ትምህርት ሳይኖረው «እኔ አስጨርስልሃለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ባለጉዳዩ በትዳር ጓደኛው፣ በወላጁ፣ በልጁ ወይም በወንድሙ እንዲወከል ስለሚፈቅድ፣ በዘመድ መወከል ሕገ ወጥ አይደለም። ክልክል የሆነው ፈቃድ ሳይኖር ጥብቅናን የገቢ ሥራ ማድረግ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የጥብቅና ፈቃዱን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ነውር ተደርጎ መታየት የለበትም። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ እንዲሁም በየትኞቹ ፍርድ ቤቶች ለመቆም እንደሚያገለግል ማየት ያስፈልጋል። ክልሎች ለየራሳቸው ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ ይሰጣሉ፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመከራከር ግን የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። በወረዳ ፍርድ ቤት የተጀመረ የውርስ ክርክር ከዓመታት በኋላ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ጠበቃው እስከዚያ ድረስ አብሮ መሄድ ይችል እንደሆነ፣ ካልቻለም ጉዳዩን ለማን እንደሚያስተላልፍ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የውክልና ሥልጣን

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና የሚያስፈልጋቸውን ተግባራት ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል የማይንቀሳቀስ ንብረትን መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅና በፍርድ ቤት መክሰስ ወይም መከራከር ይገኙበታል። ነገር ግን በተግባር ሲታይ አብዛኛው ባለጉዳይ የተዘጋጀ ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ በቅጹም ላይ እነዚህ ሁሉ ሥልጣኖች በአንድ አንቀጽ ታጭቀው ይገኛሉ። ለቀለብ ክርክር ጠበቃ የምታቆም እናት፣ ጠበቃዋ ስለ እርሷ ሆኖ እንዲታረቅ፣ ገንዘብ እንዲቀበልና ቤት እንዲሸጥ ሥልጣን የምትሰጥበት ምክንያት የለም።

በተለይ «መታረቅ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። በገጠር ብዙ ክርክር በሽማግሌ ፊት ያልቃል፤ ይህም በራሱ መልካም ነው። ጠበቃው የመታረቅ ሥልጣን በጽሑፍ ከተሰጠው ግን ባለጉዳዩ በሌለበት የተፈረመ የእርቅ ስምምነት ባለጉዳዩን ሊያስገድደው ይችላል። ማንበብ የማይችል ሰው ሰነዱ በሚያረጋግጠው ሹም ፊት እስከ መጨረሻው እንዲነበብለት መጠየቅ ይኖርበታል። ያልፈለገውን ሥልጣን ማስሰረዝ መብቱ ነው። የሰጠውንም ውክልና በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ መሻሩን ግን ለጠበቃውም ለፍርድ ቤቱም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በውጭ አገር የሚኖር ወራሽ ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል ሲልክም ጥንቃቄው ያው ነው፤ እንዲያውም ርቀቱ ጥንቃቄውን ይበልጥ ያጠነክረዋል።

ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ

የጥቅም ግጭት በወረዳ ከተማ የዕለት ተዕለት ችግር ነው። ጠበቃው ባለፈው ዓመት የከሳሹን ወንድም ወክሎ ተከራክሮ ሊሆን ይችላል፤ ተከሳሹ የእድሩ ዳኛ፣ ምስክሩም የልጁ የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል። ጠበቃው ከመሾሙ ወይም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ በዚያው ፍርድ ቤት አገልግሎ እንደሆነም ያጋጥማል። ይህን ሁሉ ዝምድናና ትውውቅ ማስቀረት አይቻልም፤ ሕጉም አያስገድድም። የሚጠበቀው ጠበቃው የሚያውቀውን ግንኙነት ውል ከመፈረሙ በፊት ለባለጉዳዩ በግልጽ እንዲናገር ነው።

ሁለት ነገሮች ግን በመግለጽ ብቻ አይስተካከሉም። አንደኛው በአንድ ክርክር ሁለቱንም ወገኖች መወከል ነው። በፍቺ ጊዜ ባልና ሚስት «ተስማምተናል፣ አንድ ጠበቃ ይበቃናል» ብለው አብረው የሚመጡበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ወጪን ይቀንስ ይመስላል። ይሁንና ስምምነቱ በንብረት ክፍፍሉ ላይ የፈረሰ ዕለት ጠበቃው የሁለቱንም ምስጢር ይዞ ለአንዳቸውም በቅንነት መቆም የማይችል ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ ጠበቃው ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሳለ ራሱ የያዘውን ጉዳይ በኋላ በጥብቅና መያዝ ነው።

በከተማው አንድ ጠበቃ ብቻ ሲኖርና እርሱንም ተቃራኒው ወገን ቀድሞ ሲይዘው የሚፈጠረው ችግር ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ ባለጉዳዩ ወደ ዞን ከተማ ለመሄድ ይገደዳል፤ ትራንስፖርቱም አበሉም በእርሱ ላይ ይወድቃል። አንዳንዶች ይህን በመፍራት ወደ ያዘው ጠበቃ ሄደው ታሪካቸውን ይናገራሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ጠበቃው የሌላኛው ወገን ወኪል መሆኑን እንደነገራቸው ንግግሩን ማቆም አለባቸው። ብልጠት የሚሞክሩም አሉ፤ ተከራካሪያቸው ጠበቃ እንዳያገኝ በማሰብ በከተማው ያሉትን ጠበቆች ሁሉ እየዞሩ ያማክራሉ። እንዲህ ያለውን የምክር ጥያቄ የሚጠረጥር ጠበቃ ዝርዝሩን ከመስማቱ በፊት የባለጉዳዩንና የተከራካሪውን ስም ብቻ መጠየቁ ተገቢ አሠራር ነው።

ምስጢር

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል፤ ጠበቆችም በስም ተጠቅሰዋል። ግዴታው ውክልናው ሲያበቃ አብሮ አያበቃም። በገጠር ግን ምስጢር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም። የጠበቃው ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ወረፋ ጠባቂዎች በበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምክሩም አንዳንድ ጊዜ ቡና ቤት ውስጥ ይሰጣል። ባለጉዳዩም በበኩሉ አጎቱን፣ ጎረቤቱንና ሽማግሌውን አስከትሎ ይገባል። ጠበቃው አጃቢዎቹን ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንዲጠብቁ ቢጠይቅ እንደ ንቀት መታየት የለበትም። በአስገድዶ መድፈር፣ በቤት ውስጥ ጥቃትና በአባትነት ክርክር ይህ ጥያቄ ከጨዋነትም በላይ አስፈላጊ ነው፤ ተጎጂዋ በቤተሰቧ ፊት የማትናገረው ነገር ይኖራል።

ክፍያ

የአገልግሎት ክፍያ በጽሑፍ ውል መወሰን አለበት። በውሉ ውስጥ ጠቅላላው ገንዘብ፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ጊዜ፣ ክፍያው ይግባኝን ይጨምር እንደሆነ፣ እንዲሁም የጠበቃው የጉዞና የአበል ወጪ በማን እንደሚሸፈን መገለጽ ይኖርበታል። የመጨረሻው ነጥብ በከተማ ያለ ባለጉዳይን ብዙም አያሳስበውም። ችሎቱ በሌላ ወረዳ ሲሆንና ቀጠሮ በተደጋጋሚ ሲራዘም ግን የጉዞው ወጪ ከጥብቅናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ሳይኖረው ሲቀር ክፍያው በእህል፣ በማር ወይም በበግ እንዲሆን የሚስማማበት ጊዜ አለ። ዋጋው በውሉ ላይ በብር ተገልጾ እስከተጻፈ ድረስ ይህ ብዙ ችግር አያስከትልም። መሬት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለሆነም «ክርክሩን ካሸነፍክልኝ ከመሬቱ አንድ ጥማድ ትወስዳለህ» የሚል ውል ባለጉዳዩን ለሌላ ክርክር የሚዳርግና ሕግ የማይደግፈው ውል ነው። ጠበቃውም በሚከራከርበት ንብረት ላይ የራሱን ጥቅም ስለሚፈጥር፣ መታረቅ ለባለጉዳዩ በሚሻልበት ጊዜ እንኳ ክርክሩን ለመግፋት ይገፋፋል።

«ለዳኛው የሚሰጥ ነው» ተብሎ የሚጠየቅ ማንኛውም ገንዘብ ጉቦ ነው። ገንዘቡ ለዳኛው ደረሰም አልደረሰም የሚሰጠው ባለጉዳይ ራሱ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ዳኛው ስሙ እንደተነሣም አያውቅም።

ቀጠሮና ርቀት

ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ በአንድ ቀን በሁለት ወረዳዎች ቀጠሮ ሊደርስበት ይችላል፤ የሚተካውም የሥራ ባልደረባ የለውም። ክረምት ሲገባ መንገድ ይቋረጣል። የቀጠሮ መቅረት ውጤት ግን ቀላል አይደለም፤ ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ፣ ተከሳሽ ካልቀረበ ደግሞ ክርክሩ በሌለበት ሊቀጥል ይችላል። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ውሳኔውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ምክንያቱን አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። በዚህም ምክንያት ባለጉዳዩ ጠበቃ አቁሜአለሁ ብሎ ቀጠሮውን መርሳት አይገባውም። ቀኑን፣ የችሎቱን ስምና የመዝገቡን ቁጥር በእጁ መያዝ አለበት። ጠበቃውም በሁለት ቀጠሮ መካከል ከተያዘ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል እንጂ በዕለቱ ስልኩን ማጥፋት የለበትም።

የሰነድ አያያዝም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዋናው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የጋብቻ ማስረጃ ወይም የብድር ውል በጠበቃው ቤት ለዓመታት መቀመጥ የለበትም። ጠበቃው ቢታመም፣ ቢሞት ወይም ከተማውን ቢለቅ መዝገቦቹን የሚረከብ ድርጅት የለም። ዋናው ሰነድ ለፍርድ ቤት ማመሳከሪያ ቀርቦ እንዳበቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ በጠበቃው ዘንድ ቅጂው ይቅር።

የመክፈል አቅም የሌላቸው ባለጉዳዮች

በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያንሰውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) መሠረት ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው በቃል ማቅረብ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በድህነት ክስ ለመመሥረት ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን ይህ የሚያስቀረው የዳኝነት ክፍያን እንጂ የጠበቃ ክፍያን አይደለም፤ ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

ነጻ አገልግሎት የጠበቆች ችሮታ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆችን ሥነ ምግባር የሚወስነው ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚያካሂዷቸው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም በፍርድ ቤቶች አካባቢ ይገኛሉ። ሸክሙ ግን እኩል አይደለም፤ በወረዳው ብቸኛ የሆነ ጠበቃ ፍርድ ቤቱም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም በነጻ ያሠሩታል። «ይህን አልችልም» ሲል ሁልጊዜ ከስስት መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም።

ቅሬታ ማቅረብ

በጠበቃው አሠራር ቅር የተሰኘ ባለጉዳይ አስቀድሞ ለጠበቃው ራሱ በጽሑፍ ቢያመለክት አብዛኛው አለመግባባት እዚያው ይፈታል። ካልተፈታ ቅሬታው ለፈቃድ ሰጪው አካል ይቀርባል፤ ጠበቃው የፌዴራል ፈቃድ ያለው ከሆነ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ የክልል ፈቃድ ያለው ከሆነ ደግሞ በክልሉ ሕግ ሥልጣኑ ለተሰጠው አካል ነው። ከቅሬታው ጋር የውሉ፣ የውክልናውና የደረሰኞቹ ቅጂ፣ እንዲሁም የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገብ ቁጥር መያያዝ አለባቸው። ክርክሩን መሸነፍ ብቻውን የዲሲፕሊን ጥፋት አይደለም፤ ቀጠሮ መቅረት፣ የባለጉዳይን ገንዘብ አለመመለስ፣ ምስጢር ማውጣትና ለተቃራኒ ወገን መሥራት ግን ናቸው።

ቅሬታ ማቅረብ የይግባኝ ጊዜን አያቆምም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ከጠበቃው ጋር የተጣላ ባለጉዳይ የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት በራሱ ስም ጠይቆ መውሰድና ይግባኙን በሌላ ጠበቃ ወይም በራሱ ማቅረብ ይችላል።