ሐላል መሆኑን የሚወስነው ማን ነው? የኢንዶኔዥያ ተሞክሮ



ስለ ሐላል ኢንዱስትሪ ሲነሣ አስቀድመን የምንጠይቀው ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከል ነው። እኔን እንደ ታሪክ አጥኚ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመወሰን ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ የኢንዶኔዥያን ታሪክ በአጭሩ ላቅርብ፤ ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በ1988 በፋብሪካ ምግቦች ውስጥ የዐሣማ ስብ አለ የሚል ወሬ ተዛምቶ ገበያው ታወከ። በጥር 1989 የአገሪቱ የዑለማ ምክር ቤት ምርቶችን በቤተ ሙከራ የሚመረምር ተቋም አቋቋመ። ሊቃውንቱ ብይን የሚሰጡት ከእንግዲህ የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎችን ሪፖርት ይዘው ሆነ። ምስክር ወረቀቱ ግን በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነበር።

ከባዱ ፈተና በ2000 መጨረሻ መጣ። አጂኖሞቶ የተባለው ማጣፈጫ ሲመረት ለባክቴሪያው ምግብ የሚሆነው ንጥረ ነገር ከዐሣማ በተገኘ ኢንዛይም መዘጋጀቱ ታወቀ። ምክር ቤቱ በምርት ሂደት በዐሣማ መጠቀም ራሱ ክልክል ነው ሲል ምርቱን ሐራም አለው። ራሳቸው የሃይማኖት ሊቅ የነበሩት ፕሬዚዳንት አብዱረሕማን ዋሒድ ደግሞ በጥር 2001፣ በተጠናቀቀው ምርት ውስጥ የዐሣማ ነገር አልተገኘምና ሐላል ነው አሉ።

ከክርክሩ ጀርባ ኢስቲሓላ የተባለው ጥንታዊ የፊቅህ ጥያቄ ነበር፤ ነጃሳ የሆነ ነገር ባሕርዩ ፈጽሞ ቢለወጥ ይጠራልን? የሐነፊ መዝሀብ በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ አቋም አለው፤ በኢንዶኔዥያ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ ግን ያጠብበዋል።

በ2014 የወጣው ቁጥር 33 ሕግ ምስክር ወረቀቱን ግዴታ አደረገው፤ አፈጻጸሙም ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተጀመረ። ወረቀቱን የመስጠት ሥልጣን ወደ መንግሥት ሲዛወር፣ ፈትዋው በመጀመሪያ በምክር ቤቱ እጅ ቆየ።

እንግዲህ ሕጉ ማን እንደሚፈርም ወሰነ እንጂ የኢስቲሓላን ክርክር አልቋጨም። ሸማቹ የሚጠይቀው ተጠያቂ አካል አግኝቷል፤ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። ነገር ግን ሊቃውንት ለዘመናት ተከባብረው የተለያዩበት ጉዳይ በአንድ ማኅተም ሥር ሲገባ፣ የተሸነፈው አስተያየት ከገበያ ብቻ ሳይሆን ቀስ በቀስ ከትዝታም ሊወጣ ይችላል። ማኅተሙን የምናጠና ሰዎች ያን አስተያየትም መዝግበን የማቆየት ግዴታ አለብን።