በአስቀሎና የታሰሩት ሦስቱ ግብፃውያን

   ባለፈው የአክስቴ ልጅ ደውላ «አንቺ እኮ ፈሪ ነበርሽ፤ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ፊት ቆመሽ መናገር የጀመርሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። በማኅበራችን ስናገር የተቀረጸውን ቪዲዮ አይታ ነው። በስልክ ልመልስላት ብዬ ጀመርኩና ነገሩ ረዘመብኝ። መልሱ 1700 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና እሷም ታንብበው፣ እናንተም አንብቡት።

የምኖረው አፍሪዳር ነው። አሽቀሎንን ለማታውቁ፣ በባሕሩ ዳር ያለ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ መሐሉ ላይ የሰዓት ማማ አለ። ሰፈሩ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ አይሁድ ገንዘብና ዕቅድ የተሠራ ነው። ስሙም «አፍሪካ» ከሚለውና በዕብራይስጥ ደቡብ ማለት ከሆነው «ዳሮም» ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጣ። ከአፍሪካ ወጥቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ መጨረሻ ያረፍኩት አፍሪካ በሚባል ሰፈር! ኋላ ሰፈሩ ከጥንቱ መጅደል ጋር ተዋሕዶ የዛሬዋ አሽቀሎን ሆነ። እዚያው አፍሪዳር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተገኙ ሁለት የሮማውያን ዘመን የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች ይታያሉ። ብዙ ዓመት በዚያ አካባቢ ደረጃ እያጠብኩ፣ ስፖንጃ እየሠራሁ ስመላለስ በአጠገባቸው አልፍ ነበር። አንድም ቀን ቆም ብዬ «እነዚህ ሰዎች እዚህ በነበሩ ጊዜ ክርስቲያን ምን ይሆን ነበር?» ብዬ አልጠየቅሁም። ባልዲዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ደረጃ ነው የማልፈው።

እኔ ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ልሳለም መጥቼ ከቀሩት አንዷ ነኝ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ከእኔ ጋር የመጣው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ግማሹ እንዲሁ ነው የቀረው። በየጊዜው የሚታደስ ወረቀት ይዞ መኖር ምን እንደሆነ የኖረው ያውቀዋል። ፖሊስ ስታይ መንገድ ትቀይራለህ፣ አውቶቡስ ውስጥ ድምፅህን ትቀንሳለህ፣ ሰው «ከየት ነሽ?» ሲል መልሱን ቶሎ ቆርጠህ ትሄዳለህ። ሰንበት ቅዳሴ ለመሄድ ደግሞ ቅዳሜ አውቶቡስ የለም፣ እሑድ የሥራ ቀን ነው። አሠሪ ካልፈቀደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በዓመት ጥቂት ቀን ነው የምትታየው። እንዲህ እየሆነ ፍርሃቱ ልማድ ይሆናል፤ ጠባይ እስኪመስልህ ድረስ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከጽዋ ማኅበራችን አንድ ወንድማችን ወረቀቱ ሳይታደስ ተይዞ በደቡብ፣ በበረሃው ወዳለ የስደተኞች ማቆያ ተወሰደ። አብረን ዳቦ የቆረስን ሰው ነው። ሁላችንም አዘንን፣ ጸለይን፣ ገንዘብም አዋጣን። ግን ማን ይሂድና ይጠይቀው? ሲባል ዝም ተባለ። በሩ ላይ ወረቀት ያያሉ፣ ስም ይጽፋሉ ይባላል። አንዷ ልጅ አለኝ አለች፣ አንዱ አሠሪዬ አይፈቅድም አለ። እኔም ወገቤን ያመኛል አልኩ። ወገቤ እውነት ያመኝ ነበር፤ ግን ለዚያ አልነበረም የቀረሁት።

በዚያው ሰሞን ለኪዳነ ምሕረት ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቼ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አረጋዊ መነኩሴ «ከየት መጣሽ ልጄ?» አሉኝ። «ከአሽቀሎን ነው አባ፤ ቅዱስ ከሌለበት አገር» አልኳቸው ለቀልድ። በመጽሐፍ የማውቃት አስቀሎና የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት። ሶምሶን ወርዶ 30 ሰው የገደለባት፣ ዳዊት በሳኦልና በዮናታን ሞት ሲያለቅስ ወሬው በአደባባይዋ እንዳይሰማ የተመኘላት። አባ ግን አልሳቁም። «እንዴት ቅዱስ የላትም? ሦስቱ ግብፃውያን የት ሄዱ? ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ ተይዘው በአንቺ ከተማ ነው የሞቱት» አሉኝ።

ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ። ይህ ቃል አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፍሮ አፍሪዳር ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. በ303 በክርስቲያኖች ላይ አዋጅ አወጣ፤ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ፣ መጻሕፍት ተቃጠሉ። ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ የምትቆጥረው ዓመተ ሰማዕታት የሚጀምረው ይህ ንጉሥ በነገሠበት በ284 ነው። ከእርሱ በኋላ በምሥራቁ ክፍል የገዛው መክሲሚኖስ ጭካኔውን አባሰው። በዚያን ጊዜ ሁሉም አይገደልም ነበር። ብዙዎችን ቀኝ ዓይናቸውን አውጥተው፣ የግራ እግራቸውን ጅማት በእሳት አቃጥለው ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይልኳቸው ነበር። አንድ ዓይንና አንድ እግር ያለው ሰው ማምለጥ አይችልም፣ መቆፈር ግን ይችላል። እንዲህ ከተደረጉት መካከል 130 ግብፃውያን ነበሩ፤ ከፊሎቹ በፍልስጥኤም ምድር ወዳለው ማዕድን፣ ከፊሎቹ በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ወዳለችው ኪልቅያ ተላኩ። ይህን የጻፈልን የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ነው። በዘመኑ የኖረ፣ ብዙውንም በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ታዲያ በአገራቸው የቀሩት ግብፃውያን ክርስቲያኖች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሰው ላኩ። በኪልቅያ ያሉትን እስረኞች የሚያገለግሉ፣ የሚረዱ ወገኖች ተነሥተው በእግር በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ይህ እንግዲህ ከጋዛ በአስቀሎና በኩል ወደ አዛጦን የሚያልፈው መንገድ ነው። (የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ ሲወርድ፣ ፊልጶስም ካጠመቀው በኋላ በአዛጦን ሲገኝ፣ የእኛ ሰፈር በመካከል ናት! ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።) ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ308 እስከ 310 ባለው ጊዜ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። በከተማ በር ላይ የሚያልፈውን መንገደኛ የሚመረምሩ ዘቦች ያዟቸው። ከፊሎቹ ሊረዷቸው በሄዱት ሰዎች ላይ የደረሰው ያው ቅጣት ደረሰባቸው፤ ዓይናቸውና እግራቸው ተጎዳ። ሦስቱ ግን እዚህ አስቀሎና ታስረው እዚሁ ሞቱ። አሬስ በእሳት ተቃጠለ፣ ፕሮሞስና ኤልያስ አንገታቸው ተቀላ።

አውሳብዮስ ስለ እነርሱ የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ሰባኪዎች ነበሩ አላለም፣ ጳጳሳት ነበሩ አላለም። እኔን የነካኝ ይኸው ነው። እኛ ጀግና ስንል በአደባባይ ንጉሥ ፊት ቆሞ የሚናገረውን ነው የምናስበው። አቡነ ጴጥሮስን፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሽስት ጥይት የወደቁትን፣ ማን ይረሳል? በልጅነቴ ሐውልታቸው ሥር ባለፍኩ ቁጥር እናቴ አንገቷን ዝቅ ታደርግ ነበር። እኔ ግን እንደርሳቸው መሆን አልችልም ብዬ ራሴን ከደፋሮች መዝገብ ከሰረዝኩ ቆይቻለሁ። እነዚህ ሦስቱ ግን ስንቅ የያዙ መንገደኞች ናቸው። አስቀሎና ወደብ ነበረች፣ ነጋዴ የሚበዛባት፤ «ለንግድ ነው የምንሄደው» ቢሉ የሚያልፉ ይመስለኛል። ደግሞም አንዱ ከቤቱ ተነሥቶ «እኔ እሄዳለሁ፣ ማን አብሮኝ ይሄዳል?» ብሎ መሆን አለበት። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አይነሣም፤ መጀመሪያ አንዱ ነው የሚነሣው።

ከእነርሱ በኋላ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በየካቲት ወር ሌሎች አምስት ግብፃውያን መጡ። እነዚህስ እስረኞቹን ኪልቅያ ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ ነው ቂሣርያ በር ላይ የተያዙት። ማን ናችሁ? ቢባሉ አልደበቁም። የነቢያት ስም ነበር ያወጡት፦ ኤልያስ፣ ኤርምያስ፣ ኢሳይያስ፣ ሳሙኤል፣ ዳንኤል። ገዥው ፊርሚልያኖስ አንዱን አገርህ የት ነው? ሲለው ኢየሩሳሌም ናት አለው፤ በሰማይ ያለችውን ማለቱ ነበር። ያኔ ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ኤልያ ብለዋት ስሟን ራሱ አጥፍተውት ነበርና ገዥው ግራ ገባው። ክርስቲያኖች በሮም ላይ የተነሣ አዲስ ከተማ የመሠረቱ መሰለውና ቦታውን ንገረኝ እያለ አስገረፈው። አምስቱም ተገደሉ፤ የአውሳብዮስ መምህርና ወዳጅ ጳምፊሎስም የተገደለው በዚያው ቀን ነው። እኔም በየቢሮው «አገርሽ?» በተባልኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። የኔ ፎርም ላይ ግን ኢትዮጵያ ብዬ ነው የምሞላው፤ ሥራ አላበዛባቸውም።

አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ለግብፆች!» እንደምትሉ አውቃለሁ። የዴር ሡልጣን ነገር እኔንም ያመኛል፤ በጣሪያው ላይ የሚኖሩትን አባቶቻችንን ጎጆ አይቻለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በፋሲካ ሌሊት ቁልፉ ስለተቀየረበት ታሪክም ከሁለቱም ወገን ሰምቻለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ ሲሞቱ ኢዛና ገና አልተጠመቀም። ፍሬምናጦስን አባ ሰላማ ብሎ የቀባልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ያደገው በዚያ የሰማዕታት ዘመን ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ1951 እስኪሾሙ ድረስ ጳጳስ ከዚያ ነው የመጣልን። አቡነ ጴጥሮስም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1929 የተቀቡት በግብፁ ፓትርያርክ እጅ ነው። የተጣላ ወንድም ቢሆንም ያው ወንድም ነው። የጥንት ሰዎችም አልረሷቸውም። በዮርዳኖስ ማደባ ባለው የ6ኛው መቶ ዘመን የሞዛይክ ካርታ ላይ በአስቀሎና አጠገብ የግብፃውያኑ መታሰቢያ ተጽፏል። በ570 ገደማ ከጣሊያን ፒያቼንዛ የመጣ ተሳላሚም ሦስቱ ወንድማማቾች እዚህ እንዳረፉ መዝግቧል፤ ሰው ሁሉ በየስማቸው ሳይሆን «ግብፃውያኑ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። «ሐበሾቹ» እንደሚሉን ማለት ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከዚያ የኪዳነ ምሕረት ጉዞ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ጎረቤቴ ከጎንደር የመጣች ቤተ እስራኤል አሮጊት ናት፤ እማማ ነው የምላት። እንደኔ ክርስቲያን አይደለችም፣ እኔም እንደሷ አይሁድ አይደለሁም፤ ግን ድፎ ዳቦ ስትጋግር ሙልሙሉ የኔ ነው። «የታሰረ ሰው አለ እያልሽ እስካሁን እዚህ ተቀምጠሻል?» ብላ ተቆጣችኝ። «እኛ በሱዳን በኩል ስንመጣ እስር ቤት የጠየቀን ሰው ፊቱ ዛሬም አይጠፋኝም።» በማግሥቱ ልጇ በመኪናው ወሰደኝ።

በሩ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠባቂዋ ልጅ እግር ናት፣ ወረቀቴን አገላበጠችና «ምኑ ነሽ?» አለችኝ። እኅቱ ነኝ ልል አሰብኩ፤ ቶሎ ያስገባል ይባላል። ያን ጊዜ እነዚያ ሦስቱ ትዝ አሉኝ። «አብረን የምንጸልይ ነን፤ ልጠይቀው መጣሁ» አልኳት። ስሜን ጻፈች፣ ወንበር አሳየችኝ፣ አለቀ። ስንት ወር የፈራሁት ነገር ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ወንድማችን ሲያየኝ መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይዤለት የሄድኩት ዳዊትና ካልሲ ነበር። ስለ ዳዊቱ አመሰገነኝ፣ በካልሲው ግን አለቀሰ። በረሃው ሌሊት ይበርዳል።

እሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ አሁን ትዳር ይዟል። እኔ ደግሞ በማኅበሩ ላይ ቆሜ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ቪዲዮው ላይ ያየሽው ያንን ነው እኅቴ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰምተሽው ይሆናል። እንደ ጨረስኩ ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ከሁላችንም ይልቅ ዓይናፋሯ፣ እጇን አውጥታ «የሚቀጥለው ሳምንት እኔ እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ ተራ አወጣን። አንዳንዱ ተራውን ይረሳል፣ አንዳንዱ ዛሬም ወገቡን ያመዋል፤ አልፈርድበትም።

የተራው ወረቀት ፍሪጄ ላይ ተለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጥቅምት ሳይረኑ ሲጮህ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ እማማን ደግፌ ወደ መጠለያው ስንወርድ፣ ወረቀቱ ወድቆ ውኃ ነክቶት ነበርና እንደገና ጻፍኩት። አሁን ስምንት ስም አለበት። የእኔ ተራ ማክሰኞ ነው፤ ካልሲ ገዝቻለሁ፣ የስልክ ካርድ ግን ገና ነው።

ቸር ያሰንብተን።